ጠይቆ መጻፍና ጠይቆ መረዳት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ በብዙ ቤት በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይነገር ነው። ይኸውም ሴቶች እርግዝናን ለማዘግየት፣ ራሳቸውንም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ በሽታ ለመጠበቅ ከሚቀርቡላቸው መከላከያዎች የትኛውን እንደሚመርጡ፣ እኛም ይህን ምርጫቸውን በምን መንገድ መርምረን ልናውቀው እንደምንችል ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉትን ተከትዬ ከሥሩ ልጀምር። የአገራችንን ዓመታት በራሳችን አቆጣጠር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጠራቸውን ግን እ.ኤ.አ. እያልሁ እናገራለሁ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን በማስታወቂያ ማሰራጨትን ይከለክል ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያህል ቈይቶ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው በዚህ ሕግ ሥር ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ ግን እንዲህ ያለው ገደብ እንዲነሣ አሳሰበ፤ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ ትወልዳቸው የነበሩትን 7.7 ልጆች ወደ 4 ለማውረድ፣ የመከላከያ ተጠቃሚዎችንም እስከ 2007 ዓ.ም. ከመቶ 44 ለማድረስ ዐቀደ። ስለዚህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሬዲዮ ስለዚህ ነገር በግልጽ ለመናገር መብቃቱ ራሱ ረጅም መንገድ የተሄደበት ውጤት ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዕቅዱ የቈጠረው የሚጠቀሙትን ሴቶች ነው። የሚጠቀሙበትን ወደውት ይሁን፣ ወይስ ሌላ አጥተው፣ ይህን የሚያሳየው ዓምድ በመዝገቦቻችን ላይ ጠባብ ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለዚች ጠባብ ዓምድ ነው።

እስቲ በሐሳብ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲታጠፍ ቴፒን ያገኛል። አገሩ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ነው። ደኑ የበዛ፣ ዝናቡ የማይሰስት፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድግበት ምድር ነው። በሚዛን በኩል የበበቃ፣ በቴፒ በኩልም የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ይገኛሉ። በጓሮውና በደኑ ቡና የሚያለማው ገበሬ ደግሞ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሸካቾ፣ ካፊቾ፣ መዠንግር፣ መኢኒት፣ እንዲሁም ከሌላው የአገራችን ክፍል መጥቶ የሰፈረ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ ይቀርብለታል።

መስከረም አልፎ ቡናው መቅላት ሲጀምር አገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቀይ ቡና በጊዜው ካልተለቀመ ይረግፋልና ሴቱም ወንዱም፣ አሮጊቷም ልጃገረዷም ቅርጫቷን ይዛ ትወጣለች። ከሩቅ አገር ሠራተኛ ይመጣል፤ በመጠለያ ያድራል፤ በኪሎ እየተመዘነለት ገንዘብ ይቀበላል። ከባሏ ወይም ከወላጆቿ ርቃ የመጣች ሴት ከማታውቀው ሰው መካከል ታድራለች። እንግዲህ የእርግዝናውም የበሽታውም ሥጋት ከምንጊዜውም ይልቅ ከፍ የሚለው፣ ሴቲቱም ወደ ጤና ኬላ ለመሄድ ጊዜ የምታጣው በዚሁ በአንድ ወቅት ነው።

ይህን አገር የማውቀው በካርታ ብቻ አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ እፈልግ በነበረበት ዓመት፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ ድርጅት መጠይቅ የሚያስሞሉ ወጣቶችን ሲቀጥር እኔም ከተቀጠሩት አንዱ ነበርሁ። የደረሰኝ ቦታ ከቴፒ ከተማ ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ነው። ወሩ ኅዳር ስለ ነበር በየደጁ ቡና ተሰጥቶ ነበር። ገብቼ የተቀመጥሁበት ቤት ባለቤት ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ባሏ ከበሩ መቃን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ቋንቋዋን ስለማላውቅ የሚያስተረጉምልኝ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው።

«ከእነዚህ መከላከያዎች የትኛውን ይመርጣሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ወደ ምድር ተመለከተች፤ ጥቂት ቃልም ተናገረች። አስተርጓሚው «ሁሉም ጥሩ ነው ትላለች» አለኝ። መጠይቁ ግን «ሁሉም» የሚል መልስ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ «አሁን የሚጠቀሙት የትኛውን ነው?» አልሁ። «መርፌ» ተባልሁ። እኔም «ምርጫ» ከሚለው ዓምድ ሥር «መርፌ» ብዬ ጻፍሁና ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፍሁ።

ስወጣ ጨሞ ያቀረቡልኝ አንዲት አሮጊት ጎረቤት እስከ መንገዱ ሸኙኝ። አማርኛ ያውቃሉ። «ልጄ፣ እሷ መርፌውን መች መረጠችው?» አሉኝ። «ጤና ኬላው ያለው እሱ ብቻ ነው። ቀኑ ለቀማ ላይ ከዋለባት ሳትሄድ ያልፋታል። የወር አበባዋ ሲዛባ ደግሞ ባሏ ይቆጣል። እሱ በር ላይ ቆሞ፣ ወንድሙ እያስተረጎመ ይህን እንዴት ትንገርህ? አንተ የጠየቅኸው ወረቀትህን ነው።»

እኔም «እማማ፣ እውነትዎን ነው» አልኋቸው። ነገር ግን ተመልሼ አልጠየቅሁም፤ ወረቀቱንም አላረምሁም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ እስከ ማግሥቱም ማዳረስ የነበረብኝ ሌላ ብዙ ቤት ነበር። ያች ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ታስራ ሄደች፤ ተደመረችም። በአንድ ስፍራ በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ መርፌን ከመረጡት ሴቶች አንዷ ሆና ተቈጥራ ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሴቶች ይህን ይመርጣሉ» የሚል ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር «ማን ጠየቃቸው? በር ላይስ የቆመው ማን ነበር?» እላለሁ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ቍጥሩን የምንቅ ሰው አይደለሁም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ካገቡት ሴቶች መካከል መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 29፣ በ2008 ዓ.ም. 36፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 41 ደረሱ። ይህ ከባድ ሥራ የተሠራበት ቍጥር ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጭቃና በዳገት ከቤት ወደ ቤት ተመላልሰዋል፤ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ በየጤና ኬላው ማስቀመጥ ጀምረዋል። ምስጋና ይገባቸዋል።

ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ከተቈጠሩት 41 ሴቶች 27ቱ በመርፌ፣ 9ኙ በክንድ በሚቀበረው፣ የቀሩት ጥቂቶች በሉፕ፣ በእንክብልና በሌላ ዘዴ የሚጠቀሙ ነበሩ። ከዚህ ተነሥቶ «የኢትዮጵያ ሴት መርፌ ትመርጣለች» ብሎ የሚፈርድ አለ። ፍርዱ ለብዙዎች እውነት ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ሦስት ወር ይቈያል፣ በቤት ውስጥ አይቀመጥም፣ ባልና አማት ሳያዩት ይኖራል። ነገር ግን በአንድ ሱቅ ውስጥ ያለው ሳሙና አንድ ዓይነት ብቻ ሆኖ ሳለ ባለሱቁ «ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ሳሙና ይመርጣሉ» ቢለን እንስቅበት ነበር። መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ መምረጥ ሌላ ነው። የተጠቀመችበትን የሚቈጥር መዝገብ የመረጠችውን አይነግረንም።

ይህ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ ሌላ ቍጥር ልጨምር። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት እንደ ታየው፣ አንድ መከላከያ ከጀመሩት መካከል ከመቶ 35ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ያቋርጡ ነበር። ልጅ ፈልጋ ያቋረጠች ፈቃዷን ፈጽማለች፤ እሰየው። ነገር ግን ሕመሙን ፈርታ፣ የደሙን መዛባት የሚያስረዳት ሰው አጥታ፣ ወይም ቀጠሮዋ ከሥራዋ ጋር ተጋጭቶባት የተወችውስ? ያች ሴት በመጀመሪያው ወር «ተጠቃሚ» ተብላ ተመዝግባለች፤ በስድስተኛው ወር ያለ ፈቃዷ አርግዛ ትገኛለች። መዝገቡ የመጀመሪያውን ጽፏል፤ ሁለተኛውን የጻፈው ኑሮዋ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ በሽታው እንመለስ። መርፌውም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ ሉፑም፣ እንክብሉም እርግዝናን እንጂ በሽታን አይከለክሉም። ዛሬ በእጃችን ካሉት ሁለቱንም በአንድነት የሚከላከለው ኮንዶም ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው የተገኘባቸው ከሴቶች 1.2፣ ከወንዶች 0.6 በመቶ ነበሩ። ሸክሙ በሴቶች ላይ በእጥፍ ከብዷል። በብዛት የሚታደለው ኮንዶም ግን የወንዱ ነው፤ ሴቲቱ በእሱ ለመጠበቅ አስቀድማ ማስፈቀድ ይኖርባታል።

የሰውን ስሜት ጠይቆ ዕቃን ማሻሻል ፍሬ እንዳለው የሚያስረዳ አንድ ነገር ከራሳችን አገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዲኬቲ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት የቡና ሽታ ያለው ኮንዶም ገበያ ላይ አወጣ። ምክንያቱ የላስቲኩ ሽታ ደስ አይለንም የሚሉ ሰዎች በመኖራቸው ነው። በአንድ ሳምንት 300 ሺህ ያህል እንደ ተሸጠም ድርጅቱ በጊዜው አስታውቋል። ቡናን ለሚወድ ሕዝብ የቡናን ሽታ ማቅረብ ብልኅነት ነው። ነገር ግን በበበቃ ወይም በቴፒ እርሻ ቡናውን የምትለቅመው ሴት ጥያቄ በሽታው አይመለስም። የእሷ ጥያቄ «ሳልለምን፣ ሳልጣላ፣ በራሴ እጅ ራሴን ልጠብቅ የምችለው በምንድን ነው?» የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ታላላቅ ምርምሮች ተደርገዋል። ከእነርሱ ሁለትና ሦስቱን ማወቅ ይጠቅመናል፤ አንዳንዱ ከስኬቱ ይልቅ በስሕተቱ ያስተምራልና።

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ «ቮይስ» በተባለ ጥናት 5,029 ሴቶች ተሳተፉ። የኤች አይ ቪ መከላከያ እንዲሆን ለአንዳንዶቹ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል፣ ለሌሎቹ በብልት ውስጥ የሚቀባ ቅባት ተሰጣቸው። ሴቶቹ ሲጠየቁ ከመቶ ዘጠና ያህሉን ጊዜ በትእዛዙ መሠረት እንደ ተጠቀሙበት ተናገሩ። ደማቸው ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የተገኘው ከመቶ ናሙና በ30ው ወይም ከዚያ ባነሰው ነው። መድኃኒቱም ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። ሴቶቹን «ውሸታሞች» ብሎ መዝለፍ ይቻል ነበር። አስተዋዮቹ ተመራማሪዎች ግን ተመልሰው በእርጋታ አነጋገሯቸው። ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሕሙማንን መድኃኒት መዋጥ እንደሚያስፈራ፣ እንክብሉን ያየ ሰው በሽተኛ ብሎ እንደሚያማ፣ የባልንጀራና የባል ቁጣ እንዳለ፣ የጎን ጉዳት እንደሚያሳስብ ያን ጊዜ ተገለጠ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ከጥናቱ በፊት ቢጠየቅ ኖሮ ምን ያህል ገንዘብና ድካም፣ ከዚያም በላይ ምን ያህል ሕይወት ባተረፈ!

ከዚህ ስሕተት የተማሩ ሌሎች መንገዱን ለወጡት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኬንያ በኪሱሙ፣ በደቡብ አፍሪካም በሶሻንጉቬ «ትሪዮ» በተባለ ጥናት 277 ወጣት ሴቶች መድኃኒት የሌለባቸው ሦስት አምሳያዎች ተሰጧቸው፤ እንክብል፣ መርፌ፣ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ቀለበት። እያንዳንዷ ሦስቱንም ተራ በተራ አንድ አንድ ወር ሞከረቻቸው፤ ከዚያ በኋላ «የቱን ትመርጫለሽ?» ተባለች። ብዙዎቹ መርፌውን መረጡ፤ ነገር ግን ቀለበቱንም እንክብሉንም የመረጡ ነበሩ። የቡናን ደረጃ የሚወስኑ ቀማሾች ባለቤቱ ስለ ነገራቸው አይወስኑም፤ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ቀምሰው ነው። ሴቲቱም ባላየችውና ባልሞከረችው ነገር ላይ እንድትፈርድ መጠየቅ አይገባም።

ሦስተኛው ምርምር ብዙ ሴቶቻችን የሚጠቀሙበትን መርፌ በቀጥታ የሚነካ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ሴቶችን ለኤች አይ ቪ ያጋልጣል የሚል ሥጋት ለብዙ ዓመታት ሲወራ ኖረ። ይህን ለመፍታት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኢስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የተካፈሉበት «ኤኮ» የተባለ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ሲገለጥ፣ በመርፌው፣ በክንድ በሚቀበረውና በመዳብ ሉፕ ተጠቃሚዎች መካከል ጎልቶ የሚታይ የአደጋ ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ጥናቱ ሌላ አሳዛኝ ነገር ገለጠ፤ ከመቶ ሴቶች ወደ 4 የሚጠጉ በየዓመቱ በቫይረሱ ይያዙ ነበር። እነዚህ ሴቶች ከጤና ባለሙያ ጋር ዘወትር የሚገናኙ ናቸው። እርግዝናን በመከላከል ብቻ የቆመ አገልግሎት በሽታውን በር ከፍቶ እንደሚያስገባ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚህ ወዲህ በሴቲቱ እጅ ሊሆኑ የሚችሉ መከላከያዎች እየመጡ ነው። ዳፒቪሪን የተባለ መድኃኒት ያለበት፣ በየወሩ የሚለወጥ ቀለበት የመያዝን አደጋ በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ በሁለት ጥናቶች ታይቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ ተጨማሪ አማራጭ አመልክቶታል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋው ሌናካፓቪር ደግሞ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ ሲገለጥ፣ ከተወጉት 2,134 ሴቶችና ልጃገረዶች አንዲቱም በቫይረሱ አልተያዘችም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 እንዲሠራበት መክሯል። ይህ ታላቅ የምሥራች ነው። ግን እነዚህም እርግዝናን አይከላከሉም፤ ሁለቱን በአንድነት የሚከላከሉ አዳዲስ ነገሮች በምርምር ላይ ናቸው። ማናቸውም ቢሆኑ ደግሞ ከመንደሯ ሴት እጅ እስካልደረሱ ድረስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከመሆን አያልፉም።

እንግዲህ በሚዛን፣ በቴፒና በቡናው አገር ሁሉ የሴቶችን ምርጫ ለማወቅ የሚነሣ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ይሁን የወረዳ ሠራተኛ፣ ምን ማድረግ ይገባዋል? ካየሁትና ካነበብሁት ያገኘሁትን በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ጥያቄው በስውር ቦታ፣ በሴት ጠያቂ፣ በሴቲቱ በራሷ ቋንቋ ይሁን። ቤንችኛ የምትናገረውን በቤንችኛ፣ ሸኮኛ የምትናገረውን በሸኮኛ ማነጋገር ይገባል። አስተርጓሚ ግድ ከሆነም ከባል ቤተ ሰብ አይሁን።

ሁለተኛ፤ «የትኛውን ትመርጫለሽ?» ከማለት በፊት «የትኛውን ፈልገሽ አጣሽ? የትኛውንስ ጀምረሽ ለምን ተውሽው?» ይባል። ሰው ስለ ወደደው በይሉኝታ ይናገራል፤ ስለ ተወው ግን ምክንያት አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄዳቸው ጥናቶች ሴቲቱ የፈለገችውን ዘዴ ማግኘት አለማግኘቷ ይጠየቅ ነበር፤ የጤና ተቋማቱም መደርደሪያ አብሮ ይታይ ነበር። መንገዱ እንግዲህ አለ።

ሦስተኛ፤ ዕቃው በእጇ ይሰጣት። መከላከያውን ዐይታ፣ ዳስሳ፣ የሚያደርገውን ለውጥ ሰምታ ትፍረድ። በዓለም ዙሪያ በቤተሰብ ምጣኔ ጥናት የተለመዱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ «ስለ ሌሎች ዘዴዎች ተነግሮሻል? ስለሚያስከትሉት የጎን ጉዳት ተነግሮሻል? ጉዳቱ ቢደርስብሽ ምን እንደምታደርጊ ተነግሮሻል?» የሚሉ። ለሦስቱም «አዎን» ያላለች ሴት መረጠች ሊባል አይቻልም።

አራተኛ፤ ጊዜው ይታሰብ። በለቀማ ወራት የሚደረግ ጥናት በቤት የቀሩትን ብቻ ያገኛል። ከለቀማ በኋላ የሚደረገው ደግሞ ከሩቅ መጥተው የተመለሱትን ያጣል። ስለዚህ የእርሻው መጠለያም፣ ቡናው የሚመዘንበት ስፍራም የጥናቱ ቦታ ይሁን። ያላገባችውም ትጠየቅ። እስካሁን ከጠቀስኋቸው የመከላከያ ተጠቃሚዎች ቍጥሮች አብዛኞቹ ያገቡትን ሴቶች ብቻ የሚመለከቱ ናቸውና።

አምስተኛ፤ የእርግዝናው ጥያቄና የበሽታው ጥያቄ አይለያዩ። ለእኛ ሁለት ክፍል፣ ሁለት በጀት፣ ሁለት ሪፖርት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእሷ ግን የአንዲት ሌሊት ሁለት ሥጋቶች ናቸው።

ስድስተኛ፤ ባሎች ይነገራቸው። ሴቲቱ በስውር ትጠየቅ ማለት ወንዱ ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለት አይደለም። የደም መዛባቱ በሽታ አለመሆኑን፣ መርፌው ከቆመ በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ እንደሚችል፣ ግን መካንነት አለመሆኑን ያልሰማ ባል ቢቆጣ አያስደንቅም። ለሱ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስፍራ፣ በሚያከብረው ሰው አፍ ይነገረው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ አድማጮቼ ሆይ፤ ይህ ሁሉ የሐኪሞች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ቅጹን የሚያዘጋጀው፣ የመድኃኒቱን ግዥ የሚጠይቀው፣ በጀቱን የሚፈቅደው፣ ሪፖርቱን ለበላይ የሚያሳልፈው የእናንተ ብዕር ነው። በየሩብ ዓመቱ የሚደርሳችሁ «ይህን ያህል መርፌ ተሰጠ» የሚለው ቍጥር ለሚቀጥለው ግዥ መሠረት ይሆናል። ብዙ መርፌ የተሰጠው ሌላ ስላልነበረ ከሆነ፣ የሚቀጥለውም ግዥ መርፌ ይሆናል፤ የሚቀጥለውም ሪፖርት ያንኑ ይመሰክራል። እንዲህ ሲሆን መዝገቡ የሚጠይቀው ራሱን፣ የሚመልሰውም ለራሱ ነው። ሴቲቱ በመካከሉ የለችበትም።

«ለድኻ አገር ይህን ሁሉ ምርጫ ማቅረብ ቅንጦት ነው» የሚል አለ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ ገንዘባችን ጥቂት፣ መንገዳችን ረጅም ነው። በክረምት ጭቃ ወደ ጤና ኬላ አንድ ሣጥን ማድረስ ራሱ ትግል ነው። ነገር ግን እውነተኛው ቅንጦት ተገዝቶ፣ በመኪናና በአጋሰስ ተጭኖ ሄዶ፣ ተጀምሮ የሚተው መድኃኒት ነው። ሴቲቱ የወደደችውን ዘዴ ብታገኝ ትቈይበታለች፤ የቈየችበትም ያገለግላታል። ሁሉን ነገር በሁሉ ስፍራ አናቅርብ። ግን በጤና ኬላው ሁለትና ሦስት ዓይነት፣ በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ደግሞ የቀሩት ይኑሩ፤ ከዚህ ወደዚያ የሚያደርሳትም ቃልና ወረቀት ይሰጣት። በቅጹም ላይ «ምን ተሰጣት?» ከሚለው አጠገብ «ምን ፈልጋ መጣች?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ዓምዱን ለመጨመር የሚያስፈልገው ቀለም ነው። ሁለቱ ዓምዶች በተለያዩ ቁጥርም ምን መግዛት እንዳለብን እናውቃለን።

በመጨረሻ ወደ ቴፒው መንደር ልመለስ። ያቺን ሴት ዳግመኛ አላየኋትም። ሦስቱ ልጆቿ ዛሬ አድገው ይሆናል፤ አራተኛና አምስተኛ ወልዳም ይሆናል፤ ፈቅዳ ይሁን ሳትፈቅድ አላውቅም። የማውቀው፣ ሊነገረኝ የሚገባውን ነገር መንገድ ድረስ ተሸኝቼ እንደ ሰማሁትና እንዳልጻፍሁት ነው። ዛሬ በመንግሥት ሬዲዮ ቆሜ የተናገርሁት፣ በእርግጥ፣ የዚያን ቀን በወረቀቱ ላይ መጻፍ የነበረብኝን ነው።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ነገ ጧት በጠረጴዛው ላይ መጠይቅ የሚቀርብለት ሰው ቢኖር፣ ከመፈረሙ በፊት ያቺን አሮጊት ያስታውስ። ወረቀቱን ሳይሆን ሴቲቱን የሚጠይቅ መሆኑን አረጋግጦ ይፈርም።